ሞገስ እንዴት አደረ?

ሰው ውሻ ለማሳደግ ሲወስን የሚያየው ቡችላውን ነው። ቡችላ ደግሞ ልጅ ሊጠይቅ እንደ መጣ አማች ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ የሰጡትን ይበላል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። ትልቁ ውሻም ቢሆን አያስቸግርም፤ በር ላይ ተጋድሞ፣ አላፊ አግዳሚውን በአንድ ዓይኑ እየመዘነ ዕድሜውን ይጨርሳል። በመካከላቸው ስላለው፣ ቡችላነቱ ስላለፈውና ውሻነቱ ገና ስላልደረሰው ፍጡር ግን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ለሰው ልጅ ጉርምስና መላ ተበጅቶለታል፤ የሚመክር ንስሐ አባት አለው፣ የሚቆጣ አጎት አለው፣ ቢብስ ቢብስ ጋሸና ወጥቶ የጭነት መኪና ረዳት ይሆናል። የውሻ ጎረምሳ ወዴት ይሂድ? እዚያው ከእናንተ ጋር፣ የወንበራችሁን እግር እየበላ ያድጋል እንጂ።

እኔ አያሌው እባላለሁ። ላሊበላ ተወልጄ ላሊበላ ያረጀሁ አስጎብኚ ነበርኩ። «ነበርኩ» የምለው ጡረታ ወጥቼ ሳይሆን ጎብኚው ጡረታ ስላወጣኝ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ፈረንጅ አስከትዬ ከቤተ ማርያም ቤተ ጊዮርጊስ ስመላለስ ኖሬ፣ መጀመሪያ በሽታው መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ሆነ። አሁን የማስከትለው ጥላዬን ነው፤ እሱም ደመና ሲሆን ይቀራል።

ሞገስን ያመጣችው ባለቤቴ ደብሬ ናት። እሷ ሥራ ታግዝበት የነበረ አንድ ትንሽ ሆቴል እንግዳ አጥቶ ተዘጋ፤ ባለቤቱም ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሊገባ ሲል፣ የፈረንጅ ዘር ካላት ትልቅ ውሻው የተወለዱትን ቡችሎች ለወዳጅ ዘመድ አደለ። ደብሬ ያን ጊዜ ታማለች። ሐኪሞች ያላቸውን ሁሉ ሞክረው፣ ቤትሽ ሆነሽ እረፊ ብለው መልሰዋታል። እኔም እሷም የነገሩን ትርጉም ብናውቅም አንነጋገርበትም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡችላውን በነጠላዋ ጠቅልላ ገባች። ምን ሊያደርግልን ነው አልኳት።

«ቤቱ ድምፅ ይኑረው» አለችኝ።

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንተማ የምታወራው ለፈረንጅ ነው» አለች።

ሞገስ ብላ ስም አወጣችለት። ሁለት ሳምንት ያህል ከጎኗ አስተኝታው፣ ኅዳር ሲጋመስ አረፈች።

እስከ አርባዋ ድረስ ቤቱ ሰው አላጣም። ከአርባዋ በኋላ ሁሉም ወደ እህሉና ወደ ከብቱ ተመለሰ። አይፈረድበትም። ሐዘን እንደ እድር ድንኳን ነው፤ ተራው ሲደርስ ተነቅሎ ለሌላ ቤት ይተከላል። እኔና ሞገስ ቀረን። እኔ ዝም ስል እሱ ማደግ ያዘ።

አስተዳደጉን በሙያዬ ባስጎበኛችሁ ይሻላል። በቀኝ በኩል የምትመለከቱት ወንበር በመጀመሪያ ዘመኑ አራት እግር የነበረው ሲሆን፣ ዛሬ በሦስት እግርና በአንድ ድንጋይ ቆሞ ይገኛል። ከፊት ለፊታችሁ ያለው የበር መቃን እንደ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በመሮ አልተፈለፈለም፤ በጥርስ ነው። ወደ ጓዳ ስንዘልቅ ጎንበስ በሉ፤ ከላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ ሳይሆን የመጋረጃው ቅሪት ነው። ፎቶ ማንሳት ይቻላል።

መብላቱስ ይሁን፣ ንክሻውን ምን ልበለው? በክፋት አይነክስም። ንክሻው ሰላምታው ነው፣ ደስታው ነው፣ ርቦኛል ማለቱም ነው። በስምንተኛ ወሩ ሁለት የፊት እግሮቹን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ ዓይን ለዓይን መተያየት ጀምረን ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት የእጄን አንጓ ጎርሶ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ወደ ፈለገበት ይወስደኛል። ክንዴ ከላይ እስከ ታች በጥርስ ተጽፎበት፣ ሰው እንዳያይብኝ በሙቀት እጅጌዬን ሳልሰበስብ እውል ነበር።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ሚስት የሞተችበት ሰው ደግሞ ምክር ይበዛበታል። የሚበላውን ነገር በርበሬ ቀባበት አሉኝ። ቀባሁበት። አንዴ አነጠሰና ቀጠለ፤ የፈረንጅ ዘር ቢኖረውም ወሎ መወለዱን ረስተን ኖሯል። እሰረው አሉኝ። ወፍራም ሰንሰለት ገዝቼ ባስረው ሰንሰለቱን ትቶ የታሰረበትን ምሰሶ በላው። ምታው አሉኝ። በነጠላ ጫማ ብቃጣበት ጨዋታ የጀመርኩ መስሎት ጫማውን ነጥቆኝ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ግን የምር መታሁት። ከገበያ ስመለስ የደብሬን ቀይ ኮንጎ ጫማ ከአልጋ ሥር ጎትቶ አውጥቶ፣ በሁለት እጆቹ ይዞ እያኘከ ነበር። ግራውን ጨርሶ ቀኙን ይዟል። ያን ጫማ ለገበያ ስትወጣ ነበር የምታደርገው። ቀበቶዬን ፈትቼ መታሁት። መጀመሪያ ጅራቱን ቆላ፤ ጨዋታ መስሎታል። ቀጥሎ ተኛ። ጫማውን ግን አልለቀቀም። የመታሁት ለጫማው ይሁን ለሌላ ነገር እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ከዚያ ባለ ሦስት እግሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በቀብሯም በአርባዋም ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ተነሥቶ መጣና እጄን ጎረሰ፤ አልነከሰኝም፣ ያዘኝ ብቻ።

በማግሥቱ ሰኞን ሳልጠብቅ የእንስሳት ሐኪሟን ቤቷ ድረስ ሄጄ አስቸገርኳት። ከኩልመስክ የመጣች፣ ገና ወጣት ልጅ ናት። ክንዴን አየች፣ ውሻውን አየች፣ ሳቋን ዋጠች።

«ጋሼ፣ ውሻዎ ክፉ አይደለም፤ ጎረምሳ ነው» አለችኝ። «እንዲህ ያለው ትልቅ ዘር አካሉ ይቀድምና ልቡ ኋላ ይደርሳል። ማኘኩ አይቀርለትም፤ የሚያኝከውን እርስዎ ይምረጡለት። ሲነክስዎ እጅዎን አይንጠቁ፣ አይጩሁ፣ አይምቱትም። ቀጥ ብለው ይቁሙና ፊትዎን ያዙሩበት። ካልተወ ጥለውት ይውጡ። ሲነክስ ጨዋታው እንደሚቀር ይወቀው።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የማደርገው?»

«እስኪገባው።»

ክትባት ወስዷል ወይ አለችኝ። ባለሆቴሉ አስከትቦ ካርዱን ሰጥቶኛል አልኳት። ካርዱን ደህና ቦታ ያኑሩት አለች። እሽ አልኳት።

እንዳለችኝ አደረግሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ አሸተን በሚወስደው አቀበት ይዤው እወጣለሁ፤ እሱ ሲደክመው እኔ ልሞት ጥቂት ይቀረኛል። ሲነክሰኝ እንደ ሐውልት ቀጥ ብዬ ቆሜ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። መንገደኛው «አያሌው ሐዘኑ ናላውን አዞረው፤ ውሻ እየነከሰው ይጸልያል» ብሎ አወራ። የሚያኝከው ደግሞ የደረቀ የወይራ ጉማጅ ፈልጌ ሰጠሁት። ወደደው። በወሩ የቤት ዕቃዬን ትቶ ወይራውን ብቻ የሚያኝክ ሆነ፤ ንክሻውም ረገብ አለ። አንድ ነገር ግን አላስተማርኩትም፤ በዓለም ላይ ካለው ወይራ የእሱ የትኛው እንደሆነ፣ የእሱ ያልሆነውም የትኛው እንደሆነ።

ግንቦት ገባ፤ የደብሬ መንፈቅ ደረሰ። ፍትሐቷን የመሩት ጎረቤቴ መሪጌታ ሀብተ ስለ መንፈቁ ሊያነጋግሩኝ አንድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ጎራ አሉ። የኔታ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን እንደ ነጋሪት የሆነ ሰው ናቸው። በእጃቸው ማኅሌት ሲቆሙ የሚመረኮዙባትን መቋሚያ ይዘዋል። መቋሚያዋ ከምን የተሠራች ትመስላችኋለች? ከወይራ።

ሞገስ አያት። ለእሱ ከሰማይ የወረደ በረከት ነው፤ ረጅም፣ ልሙጥ፣ በዕጣንና በሰው እጅ የታሸ ወይራ። አንዱን ጫፍ ጎረሰና ጎተተ። የኔታም ሌላውን ጫፍ ይዘው ጎተቱ።

«የኔታ፣ ይልቀቁለት» አልኳቸው።

«ማኅሌት የቆምኩባትን መቋሚያ ለውሻ አለቅም።»

«እሱ ሲጎትቱት ጨዋታ ይመስለዋል፣ ይልቀቁ።»

«እኔ እየተጫወትኩ አይደለም» አሉ፣ እየተንገዳገዱ።

ሞገስ በዚህ ትጋት የሚጫወት ሰው አግኝቶ አያውቅም። ጅራቱ ይወናጨፋል። እንደገና ሊጎርስ አፉን ሲከፍት የየኔታ እጅ ሸርተት ብላ በጥርሱና በእንጨቱ መካከል ገባች። መዳፋቸው ተቀደደ። ሞገስ የደሙ ጣዕም አላማረው መሰለኝ፣ ወዲያው ለቀቀና ወደ ኋላው ሸሸ። የኔታ እጃቸውን አዩ። «ነከሰኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። የጤና መኮንኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አጠበ፤ አጠበ፣ አጠበ፣ የኔታ ሥጋዬ ሊያልቅ ነው እስኪሉ ድረስ አጠበው። ከዚያ የውሻው የክትባት ካርድ የት አለ አለኝ።

ካርዱን ሣጥን ውስጥ ነበር ያኖርኩት። ሣጥኑ ግን ካርቶን ነበር። ወይራውን ገና ሳይለምድ ካርቶኑም ካርዱም ተበልተው፣ የተረፈው ግማሽ ማኅተም ብቻ ነው። የባለሆቴሉ ስልክ ደግሞ አይጠራም።

መኮንኑ ብዙ አላወራም። ለሰው የሚወጋው የእብድ ውሻ ክትባት እዚህ አልቋል፣ ከወልድያ እንዲመጣ ዛሬውኑ እጠይቃለሁ፣ መንገዱ ግን ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል አለ። «እስከዚያው ውሻውን አሥር ቀን ጠብቁት። እንዳትገድሉት፣ እንዳይጠፋም። አሥሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው፤ መሪጌታ ይተርፋሉ። ከታመመ ግን፣ ወይም ከሞተ…» ብሎ ወረቀቱን መጻፍ ጀመረ። የኔታ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ጠበቁ። አላለቀም።

ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ በሬ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ዱላና ድንጋይ ይዞ ቆሟል። ያበደ ውሻ ሊገድሉ ነው። ሞገስ ከውስጥ ሆኖ በአጥሩ ቀዳዳ ያያቸዋል፤ እንግዳ በመብዛቱ ደስ ብሎታል። የኔታ ከባጃጁ ወረዱና የተጠቀለለውን እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ማንም እንዳይነካው» አሉ። «ነፍሴ እሱ ዘንድ ናት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ብቻ ሳልሆን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ጠዋት በዱላ የመጣው ከሰዓት በኋላ አጥንት ይዞ መጣ። ሞገስ የሚጠጣው ውኃ ንጹሕ መሆኑን የሚያጣራ ሰው ተገኘ። ጥላ ሥር ያስተኙት፣ ፀሐይ አይምታው የሚል መልእክት ከማዶ ሰፈር ተላከብኝ። ከአርባዋ ወዲህ ደጄን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት አጥሬን ይዞ «ሞገስ እንዴት አደረ?» ይላል። እኔን እንዴት አደርክ ያለኝ የለም፤ እኔ ማንንም አልነከስኩማ።

የኔታ በየቀኑ ይመጡ ነበር። ጠዋት ጠበላቸውን ጠጥተው፣ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ከበሬ ፊት ለፊት ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። በመካከላችን አጥሩ አለ፤ ሞገስ በዚህ፣ እሳቸው በዚያ። በላ? ይሉኛል። በላ እላቸዋለሁ። ጠጣ? ጠጣ። ምራቁስ? እንደ ወትሮው ነው። ከዚያ ይተነፍሳሉ። ጎረምሳውንም ሽማግሌውንም እኩል ሊያስፈራ የሚገባ ነገር መኖሩን የማያውቀው ሞገስ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሞገስ ምግብ እምቢ አለ።

አጥንቱን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ጥግ ሄዶ ተጋደመ። ከአፉ ጠርዝ ምራቅ ይንጠባጠባል። የኔታ በአጥሩ ቀዳዳ አዩት፣ ከዚያ ድንጋይዋ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ። አንድ ሰው ወደ ሐኪሟ ሮጠ። የተሰበሰበው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ የሞተ ሰው ቤት እንደሚነጋገር ሲነጋገር ሰማሁት። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በኅዳር ሰምቼዋለሁ። እኔ ለማን እንደፈራሁ ልንገራችሁ? ለየኔታ ነው ማለት ይገባኝ ነበር። ሁለቱንም ነበር የፈራሁላቸው፤ ማን እንደሚቀድም ግን አትጠይቁኝ።

ሐኪሟ ወፍራም ጓንት አጥልቃ መጣችና ሰው አርቃ ሆዱን ዳሰሰችው። ብዙም ሳይቆይ ሞገስ ተነሣ፣ አንገቱን ዘረጋ፣ ሆዱ ሦስት አራት ጊዜ ተሳበ፣ አንድ ነገር አወጣ። ሐኪሟ በእንጨት ገልብጣ አየችው። ካልሲ ነው። ውሻው ወዲያው ጅራቱን ቆላና አጥንቱን ፍለጋ ሄደ።

የኔታ ከውጭ ሆነው ምንድን ነው አሉ። ካልሲ ነው አልኳቸው።

«የማን ካልሲ?»

«የእኔ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ለምኑ እንዳመሰገኑኝ እስከ አሁን አልገባኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሞገስ ጤና ያለፈ ነገር ማውራት ጀመርን። በሰባተኛው ቀን ይመስለኛል፣ በላ ጠጣ ከተባባልን በኋላ፣ «አያሌው፣ ስንት ሰው እንደቀበርኩ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እኔም አላውቀው። ሁላችንም ሟች ነን እያልኩ አርባ ዓመት ለሰው ስናገር አንድም ቀን ስለ ራሴ የተናገርኩ አልመሰለኝም። አሁን አንድ ጎረምሳ ውሻ መጥቶ ትርጓሜውን አስተማረኝ።»

ለሞገስ ወይራውን አቀበልኩት።

«ደብሬን ስንቀብር አላለቀስክም። ታዝቤሃለሁ።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ የኔታ። በመቃብር አጠገብ እንግዳ ይዤ ሳልፍ ፊቴን አላጠቁርም።»

«አሁንስ ራትህን ከማን ጋር ነው የምትበላ?»

«ከሞገስ ጋር።»

«ምን ይልሃል?»

«ያዳምጣል። የሚያኝከው ነገር ካለው።»

በተጠቀለለው እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሳቁ ይሁን ሌላ አላየሁም። ደብሬ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ይህን ያህል ያወራሁበት ቀን አልነበረም።

መንፈቋ በዘጠነኛው ቀን ዋለ። ይቀራል ብዬ የፈራሁት ሰው ሁሉ መጣ፤ ጠላውም ዳቦውም አልበቃ አለ። ሰው በሩን አልፎ ሲገባ ነፍስ ይማር ከማለቱ በፊት ወደ ጓሮ አንገቱን አስግጎ ሞገስ እንዴት ዋለ ይል ነበር። ደብሬ ብትሰማ ትስቅ ነበር። ወይ ደግሞ ትቀየም ነበር። የትኛው እንደሆነ ማወቅ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም አላወቅሁም።

አሥረኛው ቀን አለፈ። ሐኪሟና የጤና መኮንኑ አብረው መጥተው ሞገስን ወዲያና ወዲህ አስሮጡት፣ ዓይኑን አዩ፣ አፉን አዩ፤ የመኮንኑን የእስክሪብቶ ክዳን በላ። ጤነኛ ነው ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ። የኔታ መሬቱን ስመው ተነሡ፤ የተበላችውን መቋሚያ ከአጥሩ በላይ አሻግረው ጣሉለትና «ከእንግዲህ ለማኅሌት አትሆንም፣ ያኝካት» አሉ። መንገዱ ተከፍቶ ክትባቱ የደረሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። መኮንኑ ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖረው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ድንጋይዋን ጠርጌ አጎዛ አነጠፍኩባት። ቅዳሴ ወጣ፤ ሰው በበሬ ፊት አለፈ። ማንም አልቆመም። ሞገስም ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ ጆሮውን አቁሞ ተቀመጠ፤ ለካ እሱም ለምዶ ኖሯል። በአሥራ ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በአሥራ ሦስተኛው አጎዛውን አነሣሁ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሞገስን በአጭር ገመድ ይዤ፣ ራሴ ወደ የኔታ ቤት ወረድኩ። በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ አያሌው።»

«ውሻውስ?»

«አብሮኝ አለ።»

«ታመመ እንዴ?» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ግቢውን አቋርጠው በፍጥነት ወደ በሩ ሲመጡ የእግራቸውን ኮቴ ሰማሁ። እጃቸው መወርወሪያው ላይ ደርሷል።

«የለም፣ ደህና ነው» አልኳቸው።

ኮቴው ቆመ።

«እሰይ፤ ተመስገን» አሉ። «በል እንግዲያው፣ ደህና ዋል።» ኮቴው እየራቀ ሄደ፤ መወርወሪያው እንደተቀረቀረ ነው።

ሞገስ አየኝ። አቀበቱን አብረን ወጣን። ምን ነበረበት፣ ትንሽ ምግብ እምቢ ብሏል ብላቸው?